ስልኬ ከላፕቶፔ ለምን ፈጠነ? አንድሮይድን ኮምፒውተር ላይ ስለመጫንና «የስልክ ፕሮሰሰር» ስላላቸው ላፕቶፖች

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስልኬ ግን ራሙ ያው 4 ጊጋባይት ሆኖ ሁሉንም ወዲያው ይከፍታል። አንድሮይድ ላፕቶፑ ላይ ብጭን እንደ ስልኬ ይፈጥናል? ካልሆነስ የስልኩን ፕሮሰሰር አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ ማድረግ ይቻላል? ወይስ የስልክ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ? የምሠራው በወርድ፣ በኤክሴልና በአንድ የቆየ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። በዩኤስቢ ገመድ የሚገናኝ አሮጌ ፕሪንተር አለኝ። የባንክ አፔንና ሌሎች የስልክ አፖችንም በትልቅ ስክሪን ባገኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሌላ፣ ፕሮሰሰር ሌላ ነው። አንድሮይድ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ይሠራል፤ ዊንዶውስም አርም በሚባለው፣ በስልክ በለመድነው የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ይሠራል። አንዱን መቀየር ሌላውን መቀየር አይደለም፤ የሚያመጡት ጥቅምም ችግርም ለየቅል ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ የተንቀራፈፈው ግን፣ እንደ አገላለጽዎ ከሆነ፣ በዊንዶውስም በኢንቴልም ምክንያት አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ነው።

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የተለመደው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንበብ መጀመሪያ አንባቢው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ አለበት፤ ቀጥሎ ፋይሉ ያረፈበት የሳህኑ ክፍል ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ ይጠብቃል። ስለዚህ ወዲህና ወዲያ የተበታተኑ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ መቶ እንኳ አይሞላለትም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነበው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮችን ነው። ስልክዎ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ያለው ፍላሽ ሚሞሪ ነው። ክንድም፣ ዙርም አይጠብቅም። በዓይንዎ ያዩት የፍጥነት ልዩነት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ላፕቶፑ ሲጨናነቅ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና የዲስኩን ዓምድ ይመልከቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ የሚያነበው በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ክንዱ ከቦታ ቦታ በመመላለስ ተጠምዷል ማለት ነው። 100 በመቶ የሚለው ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ከሆነ ግን የሚከተለው ምክር ችግሩን በከፊል ብቻ ነው የሚፈታው፤ ያን ጊዜ ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ፍጥነቱን እየቀነሰ እንዳይሆን ቀድመው ያስፈትሹ።

ራሙም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሆኖም ከስልኩ ጋር የሚወዳደረው በቁጥር ብቻ አይደለም። አንድሮይድ ከዓይን የተሰወረን አፕ ራም ሲጠብበት ያለ ምንም ጥያቄ ይዘጋዋል፤ ተመልሰው ሲከፍቱት ካቆመበት የቀጠለ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚነሣው። ዊንዶውስ እንዲህ አያደርግም፣ ማድረግም የለበትም፤ ያልተቀመጠ የኤክሴል ፋይል ከጀርባ ሆኖ ቢዘጋብዎ ምን እንደሚሰማዎ ያስቡት። ይልቅ ራም ሲያልቅ የተረፈውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ መንቀራፈፉ በእጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ አንድሮይድን ልጫን ወደሚለው እንምጣ። መጫን ይቻላል። አንድሮይድ ከሥሩ ያለው የሊኑክስ ከርነል (ሊኑክስ የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ስለሆነ፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ተስተካክሎ የተዘጋጀ እትም አለ። ቀዳሚው አንድሮይድ-ኤክስ86 የሚባለው ፕሮጀክት ሲሆን የመጨረሻው የተረጋጋ እትሙ አንድሮይድ 9 ላይ ቆሟል። አንድሮይድ 9 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፤ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ካቆመ ቆይቷል። ብሊስ ኦኤስ የተባለው ከዚያ አዳዲስ በሆኑ የአንድሮይድ እትሞች ላይ ተሠርቷል፤ ልሞክር ካሉ እሱ ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ከአፖቹ ነው። በጃቫ ወይም በኮትሊን ብቻ የተጻፈ አፕ መሣሪያው ላይ ሲጫን ለዚያ መሣሪያ ፕሮሰሰር ስለሚተረጎም፣ ኢንቴል ይሁን ሌላ ግድ የለውም። ብዙ አፖች ግን፣ በተለይ ጌሞች፣ የቪዲዮና የፎቶ አፖች፣ ፍጥነት የሚፈልገውን ክፍላቸውን ቀድሞ በተተረጎመ ኮድ ይዘው ይመጣሉ። ያ ኮድ የተዘጋጀው ለአርም ፕሮሰሰር ብቻ ከሆነ ኢንቴል አይረዳውም፤ መሐል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው አለ፤ ሁሌም ግን አይሳካለትም። አፑ ይከፈታል፣ አርማው ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል። ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም። አንድሮይድን ኮምፒውተር ላይ የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል።

የባንክ አፕዎ ደግሞ ከዚህም በተለየ ምክንያት ነው እምቢ የሚለው። እንዲህ ያለ አፕ ሲከፈት መሣሪያው በጉግል የተረጋገጠ፣ ሲስተሙም ያልተነካካ መሆኑን ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባለው አገልግሎት ይጠይቃል። በራስዎ የጫኑት አንድሮይድ ይህን ማረጋገጫ በቀጥተኛ መንገድ አያገኝም። ፍተሻውን ማታለያ ዘዴዎች ኢንተርኔት ላይ ይዘዋወራሉ፤ ገንዘብዎ ያለበትን አፕ በተነካካና ምናልባትም ማሻሻያ በቆመበት ሲስተም ላይ ለመክፈት ግን በጭራሽ አይሞክሩ። አፑ እምቢ ያለው እርስዎን ለመጠበቅ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩበት ግን የሚያማርሩ ነገሮችም አሉ። ብዙ የስልክ አፕ የሚያውቀው የቆመ ስክሪን ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲከፍቱት ሙሉ ስክሪኑን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ጽሑፉ በጎኑ ተኝቶ፣ ማውሱን ወደ ቀኝ ሲገፉት ቀስቱ ወደ ላይ እየሄደ፣ አንገትዎን አዘንብለው ለመመለሻው ቁልፍ ይታገላሉ። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ላይነቃ ይችላል፤ ዋይፋዩ ወይም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ወርድና ኤክሴል በአንድሮይድም አሉ፣ የሚሠሩት ግን ከሙሉው የኮምፒውተር እትም እጅግ ያነሰ ነው። የሂሳብ ፕሮግራምዎ የዊንዶውስ ስለሆነ ጨርሶ አይነሣም።

ይህን ሁሉ አውቀው አሁንም ማየት ከፈለጉ፣ ሳይጭኑ ይሞክሩት። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽ ያዘጋጁ፤ የብሊስ ኦኤስን ባለ 64 ቢት የመጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) አውርደው ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሡና ከሚመጡት ምርጫዎች ሳይጫን በቀጥታ የሚሠራውን ይምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ መነሻው መስመር ላይ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለውን ትእዛዝ ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃን ማስተካከያውን፣ ካሜራውንና ክዳን መዝጋት መክፈቱን ይፈትሹ። በዚህ ሙከራ ያልሠራ ነገር ስለተጫነ ብቻ አይሠራም።

እዚህ ላይ ሁለት ከባድ ጥንቃቄዎች አሉ። አብዛኞቹ እነዚህ እትሞች እንዲነሡ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክል መቆለፊያ ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ ዲስክዎ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ ይህን ባጠፉ ማግሥት ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅዎታል። ቁጥሩን ቀድመው ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ፈልገው ወረቀት ላይ ካልጻፉት ፋይሎችዎ ተቆልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ለመጫን ከወሰኑ የመጫኛው ገጽ የዲስክ ክፍሎችን የሚያሳየው በስም ሳይሆን በአጭር መለያና በመጠን ነው፤ ቀጥሎ ፎርማት ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የተሳሳተውን ክፍል መርጠው እሺ ካሉ የሚመልሰው የለም። ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ እዚያ ገጽ ላይ አይድረሱ።

የፈለጉት የስልክ አፖቹን በትልቅ ስክሪን ማየት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ስልኩ አለዎት። scrcpy ተብሎ የሚጻፈውና ስክሪንኮፒ ተብሎ የሚነበበው ነፃ ፕሮግራም የስልክዎን ስክሪን በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ያመጣል፤ በኪቦርድና በማውስ ያዙታል። ስልኩ አንድሮይድ 5 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ይንኩ፤ የገንቢ አማራጮች (Developer options) ገጽ ይከፈታል፤ ከዚያ ዩኤስቢ ደበጊንግን ያብሩ። ሥራዎን ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ክፍት ከተዉት ስልኩን የሚያገናኙት ኮምፒውተር ሁሉ ትእዛዝ ሊሰጠው እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። የባንክ አፖች ገጽ በዚህ መንገድ ጥቁር ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፤ አፑ ስክሪኑ እንዳይቀዳ ስለሚከለክል ነው። የባንክዎን ሥራ እዚያው ስልኩ ላይ ይጨርሱ።

ዊንዶውስ ውስጥ የአንድሮይድ አፕ የማስኬጃው የማይክሮሶፍት መንገድ ከዊንዶውስ 11 ጋር መጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2025 ድጋፉ ቆሟል። ብሉስታክስን የመሳሰሉ ማስመሰያዎች አሁንም አሉ፣ በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ግን ላፕቶፑን ጭራሽ ያንቁታል። ሌላው አማራጭ ስልኩን ራሱን ከሞኒተር ጋር አገናኝቶ እንደ ኮምፒውተር መጠቀም ነው። ሳምሰንግ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዴክስ በሚል ስም በከፍተኛ ስልኮቹ ላይ ያቀርባል፤ መስኮቶቹ ይከፋፈላሉ፣ ኪቦርድና ማውስ ይቀበላል፣ ስልኩም የተረጋገጠ ስልክ ሆኖ ስለሚቀጥል የፕሌይ ኢንተግሪቲው ችግር የለም። በገመድ ለማገናኘት ግን የስልኩ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ምስል የሚያወጣ መሆን አለበት። ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ቀዳዳ ቅርጹ ያው ሆኖ ቻርጅና ፋይል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። አስማሚ ገመድ ከመግዛትዎ በፊት የስልኩ ዝርዝር መግለጫ ላይ ዲስፕሌይፖርት የሚል ቃል መኖሩን ይመልከቱ።

ወደ ፕሮሰሰሩ ልለፍ። «የስልክ ፕሮሰሰር» የሚለው አጠራር ራሱ ያሳስታል። አርም የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የተወለደው ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኘው ኤኮርን ኩባንያ ውስጥ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ነድፈውት የመጀመሪያው ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1985 ሠራ፤ በ1987 አርኪሜዲስ በተባለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለገበያ ቀረበ። ኃይል ቆጣቢነቱ ወደ ስልክ የወሰደው በኋላ ነው። አሁን እየሆነ ያለው ወደ ተወለደበት ቤት መመለስ ነው ማለት ይቻላል።

አመላለሱ እንዴት እንደሆነ ከአፕል ቺፖች የተሻለ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለስልክ የወጣው ኤ14 እና በዚያው ዓመት ለላፕቶፕ የወጣው ኤም1 የተሠሩት በአንድ ዓይነት ኮሮች (ሥራውን በሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ነው። ኤ14 ሁለት ትልልቅና አራት ትንንሽ ኮሮች አሉት፤ ኤም1 አራት ትልልቅና አራት ትንንሽ። የግራፊክስ ኮሩ ከ4 ወደ 8 አደገ፣ ወደ ራም የሚወስደው መንገድ በእጥፍ ሰፋ። ኮሩ ያው ነው፤ የተለየው ብዛቱ፣ የሚያገኘው ኤሌክትሪክና ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ያለ ፋን የታሸገ ዕቃ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ሙቀት ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ይፈጥናል፣ ከዚያ ራሱን ያቀዘቅዛል። ቀጭን ላፕቶፕ 15፣ 20፣ አንዳንዴም 30 ዋት ያለማቋረጥ ይሸከማል። ስለዚህ ስልክዎ አፕ ሲከፍት ማየት ስለ ፕሮሰሰሩ የረጅም ጊዜ ጉልበት ምንም አይነግርዎትም።

የስልኩን ፕሮሰሰር አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ መግጠም ፈጽሞ አይቻልም። ነቅለው የሚሰኩት ዕቃ አይደለም፤ በብዙ መቶ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦች ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ በብዙ ስልኮችም ራሙ እላዩ ላይ ተደርቦ ተበይዷል። ኤሌክትሪክ የሚመግበው ሌላ ቺፕ አለ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ካልመገበው አይነሣም። ከዚያም አልፎ ቺፑ ውስጥ የተቀረጸው የመጀመሪያ ኮድ በአምራቹ ቁልፍ ያልተፈረመ ሶፍትዌር አይቀበልም። የስልክ ዓይነት ኮር ያለው ርካሽ ኮምፒውተር በእጅዎ ማየት ካሻዎ የሚሻለው ራስበሪ ፓይ 5 ነው። አራት ኮርቴክስ-ኤ76 ኮሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ አሉት፤ ኮሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከፍተኛ ስልኮች ውስጥ የነበረው ዓይነት ነው። የሚፈልገው ቻርጀር 5 ቮልት 5 አምፔር ሲሆን፣ በደካማ የስልክ ቻርጀር ካስነሡት በዩኤስቢ ለሚሰኩ ዕቃዎች የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። ማቀዝቀዣም ይግጠሙለት፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል።

አርም ላይ የተሠራ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሚቆይ ብዙ ሰው ምስጢሩን ከትእዛዝ ቋንቋው ይፈልገዋል። ልዩነቱ አለ፤ የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ቋንቋ) ትእዛዝ ርዝመቱ ከ1 እስከ 15 ባይት ስለሚለያይ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለመለየት ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል፤ የ64 ቢቱ አርም ትእዛዝ ሁሌም 4 ባይት ነው። ዋናው ቁጠባ የሚመጣው ግን ከሌላ ነው፦ ራሙን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ የቺፑን ክፍሎች አንድ በአንድ ማጥፋት፣ ቀላል ሥራን ለትንንሾቹ ኮሮች መስጠት፣ በተራቀቀ የቺፕ አሠራር ማምረት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሉናር ሌክ እነዚህን ዘዴዎች ወስዶ በኤክስ86 ቋንቋ ላይ እንዳለ ረጅም የባትሪ ዕድሜ አስገኝቷል። ስለዚህ «አርም ነው» የሚለው ምልክት ብቻውን የባትሪ ዋስትና አይሁንዎት።

ለእርስዎ የሚበልጠው ጥያቄ ፕሮግራሞችዎና ፕሪንተርዎ ናቸው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ወደ አርም ለማምጣት የሞከረው እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ አርቲ በሚል ነበር። መልኩ ዊንዶውስ ሆኖ የቆዩትን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አይጭንም ነበር። ሰዎች ገዝተው ወስደው ነው ያወቁት፤ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ላልተሸጡት ሰርፌስ አርቲ ታብሌቶች 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። ትምህርቱ ገብቶታል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ፕሮግራሞችን፣ ከዊንዶውስ 11 ጀምሮ ባለ 64 ቢቶቹንም የሚተረጉም ክፍል ተጨመረ፤ በ2024ቱ ማሻሻያ የመጣው አስተርጓሚ ፕሪዝም ይባላል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ የኢንቴሉን ኮድ ቁራጭ በቁራጭ ወደ አርም ይቀይራል፤ የቀየረውንም ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጣል። የእርስዎ የሂሳብ ፕሮግራም በዚህ መንገድ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ብዙ የሚያስጨንቅ ሥራ ስላልሆነ ልዩነቱ እንኳ ላይታወቅዎ ይችላል።

ትርጉሙ ውድ የሚሆነው ብዙ ኮሮች አንድን መረጃ ሲጋሩ ነው። ኢንቴል ወደ ራም የተጻፉ ነገሮች ለሌሎቹ ኮሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲታዩ ያስገድዳል፤ አርም ቅደም ተከተሉን ለፍጥነት ሲል ሊያዛውር ይችላል። አስተርጓሚው የኢንቴልን ሕግ ለማስከበር ተጨማሪ ትእዛዞችን መሐል መሐል ላይ መክተት አለበት። አፕል ኤም1 ላይ የኢንቴልን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ልዩ ሁኔታ ቺፑ ውስጥ ስላስገባ ሮዜታ 2 የተባለው አስተርጓሚው ያን ያህል ፈጣን ሆነ።

አስተርጓሚው የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ድራይቨር፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ፕሪንተር ካሉ ዕቃዎች ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። ድራይቨር የሚሠራው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አካል ሆኖ ስለሆነ ለአርም ራሱ የተጻፈ መሆን ግድ ይለዋል፤ ለኢንቴል የተጻፈ ድራይቨር አይተረጎምም፣ አይጫንም። አሮጌ ፕሪንተሮችና ስካነሮች፣ የሂሳብ ፕሮግራም የፈቃድ ቁልፍ የሆኑ ፍላሽ መሳይ ዶንግሎች፣ አንዳንድ የቪፒኤን ፕሮግራሞች፣ የማጭበርበር መከላከያ ያላቸው ጌሞች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ፕሪንተርዎን በአንድ ቀላል ፈተና መለየት ይችላሉ፦ የአምራቹን አፕ ሳይጭኑ ከስልክዎ በዋይፋይ በቀጥታ ማተም የሚችል ከሆነ የጋራ የሕትመት ቋንቋ ይናገራል ማለት ነውና አርም ላይም ይሠራል። በዩኤስቢ ብቻ የሚገናኝና ከሲዲ ድራይቨር የሚጫንለት ከሆነ፣ አምራቹ በድረ ገጹ ላይ ለአርም ድራይቨር ካላወጣ በስተቀር አይሠራም ብለው ይነሡ። የሂሳብ ፕሮግራምዎ ዶንግል የሚጠይቅ ከሆነም ሻጩን «አርም 64 ድራይቨር አላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

አርም ላፕቶፕ እጅዎ የሚገባበት አጋጣሚ ካለ የትኛው ፕሮግራም በትርጉም እንደሚሄድ ማየት ይቻላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዝርዝር የሚለውን ገጽ ከፍተው የአርኪቴክቸር ዓምዱን ይጨምሩ፤ በቀጥታ የሚሄደው ፕሮግራም አጠገብ አርም64 የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። ማክ ላይ አክቲቪቲ ሞኒተር «ካይንድ» በሚለው ዓምድ አፕል ወይም ኢንቴል ብሎ ይለያል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ከዓመታት በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መቀየር ቢያምርዎ ነው። የኢንቴል ኮምፒውተር ሲነሣ ምን ምን ዕቃ እንደያዘ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይናገራል፤ አንድ የሊኑክስ ፍላሽ ሺህ ዓይነት ላፕቶፕ የሚያስነሣው ለዚህ ነው። አብዛኛው የአርም ዕቃ እንዲህ አይናገርም፤ ለእያንዳንዱ ሞዴል ዲቫይስ ትሪ የሚባል የተለየ የዕቃ ዝርዝር ፋይል መጻፍ አለበት። ለሞዴልዎ ማንም ካልጻፈለት ስክሪኑ በርቶ ኪቦርዱ ላይሠራ ይችላል። በዚያ ላይ በብዙዎቹ የአርም ላፕቶፖች ራሙ የተበየደ ስለሆነ የዛሬው 8 ጊጋባይት የዘላለም 8 ጊጋባይት ነው፤ 16 ጊጋባይት ያለውን መግዛት ካልቻሉ ይቆዩ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አንድሮይድ አይጫኑ፤ አዲስም አሁን አይግዙ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (እንደ ስልክዎ በፍላሽ ሚሞሪ በሚሠራ ዲስክ) ይለውጡ፣ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጉ። ሃርድ ዲስክ ለነበረው ላፕቶፕ የሚስማማው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ኤስኤስዲ ነው፤ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ስለሆነ ለቆየው 9.5 ሚሊሜትር ቦታ ሰፋ ካለ አብሮት የሚመጣውን የፕላስቲክ ዙሪያ ይለጥፉበት። 240 ወይም 256 ጊጋባይቱ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል። የላፕቶፑ ሰሌዳ የሚወስደው ሳታ ከሆነ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ስለሚገደብ፣ ከዚያ በላይ ፍጥነት ለሚያስተዋውቅ ዕቃ ገንዘብ አይጨምሩ። ራም ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው የነበረውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ዲዲአር3ኤል የሚሠራው በ1.35 ቮልት ነው፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት፤ ቅርጻቸውም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዲዲአር3ኤል ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ ባለ 1.5 ቮልቱን ተራ ዲዲአር3 ቢሰኩ ላይነሣ ይችላል። ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ቻርጀሩን፣ የሚወጣ ከሆነም ባትሪውን ይንቀሉ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ላፕቶፕዎ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የፕሮሰሰር ትውልድ ላያሟላ ይችላል። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀውን የመፈተሻ ፕሮግራም ያሂዱ። ካላሟላ ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ ሁሉ ኤስኤስዲው ላይ በሚጭኑት ሊኑክስ ሚንት ይሥሩ፤ የሂሳብ ፕሮግራሙን ከኔትወርክ በተለየ ዊንዶውስ ላይ ያቆዩት። ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የተባለው የጉግል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለአሮጌ ላፕቶፕ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ብዙዎች ተሳስተው እንደሚጠብቁት ግን የአንድሮይድ አፖችን አይጭንም።

ዲስክ ሲቀይሩ አሮጌው ቂጭ ቂጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሙሉ ዲስኩን ልገልብጥ ብለው አይድከሙ፤ መጀመሪያ የግል ፋይሎችዎንና የሂሳብ ፕሮግራሙን የመጠባበቂያ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ፣ ከዚያ ሲስተሙን አዲሱ ላይ እንደ አዲስ ይጫኑ። የወጣውን ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ ያስገቡትና ቢያንስ ለሁለት ወር ሳይነኩት ያስቀምጡት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው ብዙ ጊዜ የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ ነው።